«ከጫካ የመጣ ነው፣ ምን ያደርጋል?» አትበሉኝ



ሰሞኑን ማታ አራት ሰዓት ገደማ ጀርመን የምትኖር አንዲት እህት ፎቶ ላከችልኝ። ፎቶው ላይ በጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የታጠበ አረንጓዴ ቅጠል ይታያል። ከሥሩ እንዲህ የሚል መልእክት ነበረው፦ «ዶክተር፣ እንደምን አመሹ? ይሄ የጀርመኖች የጫካ ነጭ ሽንኩርት ነው። ከልጆቹ ጋር ሄደን ለቀምነው። ለደም ግፊት ፍቱን ነው ስላሉ ባለቤቴ ኪኒኑን ከሰኞ ጀምሮ አቁሟል። በቀን ስንት ቅጠል ይብላ?»

እሷ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ፎቶውን ሳይ ሦስት አደጋ ታየኝ። አንደኛ፣ ሳህኑ ውስጥ ያለው ቅጠል ሁሉ የሚበላው ተክል መሆኑን ከፎቶ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ አንድ የደም ግፊት ታማሚ መድኃኒቱን ካቆመ ቀናት አልፈዋል። ሦስተኛ፣ ከለቃሚዎቹ መካከል ልጆች ነበሩ፤ የትኛው ልጅ የትኛውን ቅጠል ከየት እንደ ቀነጠሰ ማንም አያስታውስም።

«እህቴ፣ ዛሬ ማታ ማንም እንዳይቀምሰው። ባለቤትሽም ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ደውሎ ስለ ኪኒኑ ይነጋገር» አልኳት። ቅር እያላት ደፋችው። «ያን ሁሉ መንገድ ሄደን!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ልፋት ነው። ሳህኑ ውስጥ መርዝ ይኑር አይኑር እኔም እሷም እስከ ዛሬ አናውቅም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሳናውቅ ልንበላው ነበር።

ፈቃዷን ጠይቄ ታሪኩን ለእናንተም ልጽፈው ወሰንኩ። ምክንያቱም በየዓመቱ በዚህ ወቅት «ተአምረኛው የጫካ ሽንኩርት» የሚሉ ቪዲዮዎች በራሳችን ቋንቋ ይዘዋወራሉ። ዛሬ በትሕትና ሳይሆን በግልጽ ልከራከራቸው ነው።

🌿 ተክሉ ምን አጠፋ?

ምንም። ጠቤ ከተክሉ ጋር አይደለም። ጀርመኖች «ቤርላውኽ» ይሉታል፤ የድብ ሽንኩርት እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች «ዋይልድ ጋርሊክ» ወይም «ራምሰንስ» ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ አልየም ኡርሲነም ነው። የነጭ ሽንኩርት፣ የቀይ ሽንኩርትና የባሮ ሽንኩርት ዘመድ ነው። በአውሮፓ ጥላና እርጥበት ባለበት ጫካ ውስጥ፣ ዛፎቹ ገና ቅጠል ሳያወጡ፣ በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ መሬቱን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ሚያዝያ ላይ ኮከብ የመሰለ ነጭ አበባ ያወጣል። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ሥሩም ይበላል። ጣዕሙ ደስ ይላል፤ ጀርመኖች በቅቤ፣ በሾርባ፣ በፓስታ ይበሉታል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ራምፕስ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እሱ ሌላ ዝርያ ነው፤ ስሙ አልየም ትራይኮከም ይባላል። በምሥራቅ አሜሪካ፣ በተለይ በአፓላቺያ ተራሮች ጫካ ውስጥ በጸደይ ይበቅላል። እዚያ ያሉ ሰዎች ለትውልድ ሲበሉት ኖረዋል፤ በዌስት ቨርጂኒያ በስሙ የጸደይ ድግስ ይደረግለታል።

ልብ በሉ፣ የቤርላውኽ ወቅትና የእኛ ዐቢይ ጾም ይገጣጠማሉ። ሰው ሥጋና ወተት ትቶ ቅጠላ ቅጠል በሚፈልግበት ሰዓት ጫካው በነጻ ያቀርብለታል። ስለዚህ ሽሮው ላይ ጣል የማድረጉ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ ይገባኛል። የምቃወመው ሦስት ነገር ነው፦ ሳያውቁ መልቀምን፣ ምግብን መድኃኒት ብሎ መሸጥንና ኪኒን ማስጣልን።

☠️ አብረውት የሚበቅሉት

በአውሮፓ ጫካና የጫካ ዳር መስክ ላይ፣ በዚያው ወቅት፣ ቅጠላቸው ቤርላውኽን የሚመስል መርዘኛ ተክሎች አሉ። ሁለቱን በስም እወቋቸው።

አንደኛው ጀርመኖች «ማይግሎክሼን» የሚሉት ነው። ደወል የመሰለች ትንሽ ነጭ አበባ አለው፤ ሽታው ስለሚያምር በየጓሮው ይተከላል። ውስጡ ልብ ላይ የሚሠራ መርዝ አለ። ለልብ ሕመም የምንሰጠውን ዲጎክሲን የተባለ መድኃኒት የሚመስል ነገር ነው፤ ልዩነቱ መጠኑን የለካው ሰው አለመኖሩ ነው። የልብ ምት ሊያዘገይና ሊያዛባ ይችላል።

ሁለተኛውና የባሰው «ሄርብስትሳይትሎዘ» ነው። አበባው በመኸር ብቻውን ይወጣል፤ ቅጠሉ ደግሞ በጸደይ፣ ልክ በቤርላውኽ ወቅት ይመጣል። ስለዚህ ሰው ቅጠሉን ሲያይ አበባውን አያየውም፤ አበባውን ሲያይ ቅጠሉ የለም። በውስጡ ኮልቺሲን አለ። ኮልቺሲንን ሪህ ያለባችሁ ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒት ነው። አንዱ ፍሬ ኪኒን 0.5 ወይም 0.6 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ እሱንም ኩላሊት ለደከመበት ሰው እንቀንሰዋለን ወይም እንከለክለዋለን። እንዲህ በጥንቃቄ የምንለካውን ነገር አንድ ሰው እፍኝ ሙሉ ቀቅሎ ሲበላው አስቡት። መቀቀል ደግሞ አያጠፋውም።

ኮልቺሲን የሰውነት ሴሎች እንዳይከፋፈሉ ያግዳል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚታደሱትን ክፍሎች ቀድሞ ይመታል፦ የአንጀትን ሽፋንና ደም የሚሠራውን መቅኔ። የሚያታልለው አመጣጡ ነው። በልቶ ወዲያው ምንም አይሰማም። ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ማስመለስና ተቅማጥ ይጀምራል። ቤተሰቡ «ምግብ ተመርዞ ነው፣ ያልፍለታል» ይላል። አንዳንዴ ትንሽ ሻል ይላል። ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ኩላሊት፣ ጉበት፣ ልብና መቅኔ አንድ ላይ መድከም ይጀምራሉ። ሆስፒታል ውስጥ ልንሰጠው የምንችል የተለመደ ማርከሻ የለውም፤ የኩላሊት እጥበትም መርዙን አያወጣውም። አካሉን ደግፈን መጠበቅ ብቻ ነው የምንችለው።

አሜሪካ ያላችሁም አታምልጡ። ራምፕስ በሚበቅልበት አካባቢ «ፎልስ ሄለቦር» የሚባል ተክል አለ። በጸደይ መጀመሪያ ላይ ቅጠሉ ሲወጣ ይመሳሰላል። እሱን የበላ ሰው ክፉኛ ያስመልሳል፤ የልብ ምቱ ይዘገያል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። በየቪዲዮው ሥር የማነባቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

❌ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

ይህን ሌላ ሕዝብ ቢለው ይሻል ነበር። እኛ ግን ጓያን የምናውቅ ሕዝብ ነን! ጓያ ተፈጥሯዊ ነው፤ እህል ነው፤ ድርቅን ይቋቋማል። በችግር ጊዜ ለወራት ጓያ ብቻ የበሉ ስንት ወጣቶች ናቸው እግራቸው ሽባ ሆኖ በምርኩዝ የቀሩት? እንዶድስ? እናቶቻችን ነጠላ ያጥቡበታል፤ የሚጠጣው ሰው ግን ይመረዛል። ኮሶ ለትል ይጠጣ ነበር፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ያጠፋል። አስተናግርን የበላ ሰው ምን እንደሚያደርገው ገጠር ያደገ ሁሉ ይነግራችኋል፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

አያቶቻችን «ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» አላሉም። እነሱ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚገድል፣ የትኛው ደግሞ በቁንጥር ብቻ እንደሚወሰድ ለይተው ያውቁ ነበር። ዛሬ በአያቶቻችን ስም የሚነግዱት ሰዎች የወረሱት ቅጠሉን ብቻ ነው፤ ጥንቃቄውን አልወረሱም።

❌ «ሽታው ስለሚለየው አንሳሳትም»

በጣም የምፈራው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ የቤርላውኽ ቅጠል ሲታሽ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። መርዘኞቹ አይሸቱም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

እስቲ ቤታችሁ ውስጥ ሞክሩት። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ላጡና ጨቅጭቁ። ከዚያ በዚያው ጣታችሁ የጎመን ቅጠል አሽታችሁ አሽትቱ። ጎመኑ ምን ሸተተ? ነጭ ሽንኩርት! የሸተተው ግን ጎመኑ አይደለም፤ ጣታችሁ ነው። ጫካ ውስጥም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጠሎች በእርግጥ ይፈተናሉ፤ ከዚያ በኋላ አፍንጫችሁ የሚፈትነው የገዛ እጃችሁን ነው። ሻንጣው ውስጥ ከገባ በኋላማ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሸታል። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም አይለይም።

❌ «ፈረንጆቹ ይበሉት የለ እንዴ?»

ይበላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአያታቸው ጋር እየሄዱ የተማሩት ነገር ስለሆነ ነው። እንዲያም ሆኖ ተወልደው ባደጉበት ጫካ ተሳስተው ሄርብስትሳይትሎዘ የበሉና የሞቱ አውሮፓውያን አሉ፤ በሕክምና መጽሔቶች ላይ በተደጋጋሚ ተጽፏል። በዚህ ወቅት የጀርመን ጋዜጦችና የመርዝ መረጃ ማዕከላት ማስጠንቀቂያ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን በጀርመንኛ ነው። ቪዲዮው በአማርኛ ነው። እናቶቻችን ጋ የሚደርሰው የትኛው ይመስላችኋል?

እንግዳ ሰው በማያውቀው ጫካ ምን እንደሚገጥመው አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 መኸር ላይ ጀርመን የገቡ ስደተኞች በአገራቸው የሚያውቁትን የሚበላ እንጉዳይ የመሰለ እንጉዳይ ለቅመው በሉ። ያገኙት ግን ጉበት የሚያጠፋው ገዳይ እንጉዳይ ነበር። የሃኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ማስጠንቀቂያውን በብዙ ቋንቋዎች እስከ ማዘጋጀት ደረሰ። እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ በአገራቸው ጫካ ጎበዝ ለቃሚዎች ነበሩ። ያሳሳታቸው የአገራቸው ዕውቀት ነው። እኛም ጎመንና ሳማ ለይተን ስላደግን የአውሮፓን ቅጠል እናውቃለን ማለት አይደለም።

❌ «ለደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ኪኒን አያስፈልግም»

እዚህ ላይ ቆጣ ብል ይቅርታ አድርጉልኝ።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። በተለመደው ነጭ ሽንኩርት ላይ በሰው የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ የደም ግፊትን ጥቂት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተደረጉት ግን ተለክቶ በተዘጋጀ እንክብል ነው። «ከጫካ የተለቀመ ቅጠል ኪኒንን ይተካል» የሚል ማረጋገጫ የለም። «ጥቂት ሊያግዝ ይችላል» እና «ኪኒንህን ጣል» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት የሰው ሕይወት ነው።

የደም ግፊት አያምም። ኪኒኑን ያቆመ ሰው በማግስቱ ደኅና ነው፤ በሳምንቱም ደኅና ነው። «አያችሁ፣ ቅጠሉ ሠራ!» ይላል። ውስጡ ግን ግፊቱ እየወጣ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አፉ ይጣመማል፤ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ይላል። አንዳንዶቹን ኪኒኖች ደግሞ በድንገት ማቆም ራሱ ግፊቱን ወይም የልብ ምቱን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ያኔ ቪዲዮውን የሠራው ሰው አጠገባችሁ አይገኝም። ስልኩንም አያነሳም።

አሁን ሁለቱን አደጋ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ቅጠሉን ለጣዕም የሚበላ ሰው ጥቂት ይበላል፤ ያውም አልፎ አልፎ። «መድኃኒት ነው» ብሎ የሚበላው ግን በየቀኑ፣ በብዛት፣ ብዙ ጊዜም ጥሬውን ይበላል። ይህ ሰው ማነው? የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ታማሚ ነው። መርዘኛ ቅጠል ቢቀላቀልበት ልቡና ኩላሊቱ ከሁሉ በታች የሚቋቋመው እሱ ነው። ምት የሚያዘገይ የልብ ኪኒን የሚወስድ ከሆነማ የማይግሎክሼን መርዝ ይደረብበታል። ስለዚህ ቪዲዮው ጫካ የሚልከው ፈጽሞ መላክ የሌለበትን ሰው ነው።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ የምትወስዱም ልብ በሉ። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ዘመዶቹ በመድኃኒት መልክ በብዛት ሲወሰዱ ደም የመፍሰስ አደጋን ሊጨምሩ ይችላሉ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ችግር የለውም። በብዛት ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁም የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ።

❌ «ከተመረዘም ወተት ይጠጣ»

ይህ የቆየ ልማዳችን ነው፤ በክፋት የተጀመረ አይደለም። ነገር ግን ወተት ኮልቺሲንን አያረክስም፤ የልብን መርዝም አያረክስም። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከቶ ማስመለስም አይመከርም፤ በተለይ ለልጅ፣ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጣም የከፋው ጉዳት ግን ሌላ ነው፦ «ወተት ጠጥቷል፣ እስቲ እንየው» እየተባለ የሚባክነው ሰዓት።

👶 ወላጆች ሆይ

ልጅ ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም። ለእናንተ «ጥቂት» የሆነው መጠን ለ15 ኪሎ ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ፦

1. ልጆች ለምግብ የሚሆን ቅጠል አይልቀሙ። ጫካ ውሰዷቸው፤ ይሩጡ፤ ይጫወቱ። ቅጠሉን ወደ ሳህን የሚያስገባው ግን የሚያውቅ አዋቂ ብቻ ይሁን።

2. ማይግሎክሼን አበባው ካለፈ በኋላ ቀይ ፍሬ ያፈራል። ለልጅ ከረሜላ ይመስለዋል። ጓሯችሁ ውስጥ ካለ ልጆቹ እስኪያድጉ ብታስወግዱት ጥሩ ነው። አበባው የተቀመጠበትን የብርጭቆ ውኃም ልጅ እንዳይጠጣው።

3. ለሳል፣ ለጉንፋን ወይም ለሆድ ትል ብላችሁ የጫካ ሽንኩርት ጭማቂ ለሕፃን አትስጡ። የተጨቀጨቀ ነጭ ሽንኩርት የሕፃን ደረት ወይም የእግር መዳፍ ላይ ማሰርም ይቅር። ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣባቸው ሕፃናት አሉ።

4. ቅጠሉን በዘይት ፈጭታችሁ ብርጭቆ ውስጥ የምታስቀምጡ፣ ይህ ለማንኛውም ነጭ ሽንኩርት ይሠራል። ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ተደፍኖ ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከ4 ቀን ካለፈ ድፉት።

✅ «ታዲያ ጨርሶ አንብላው?»

ብሉት! ከገበያ ገዝታችሁ ብሉት። በጀርመን በወቅቱ በየገበያውና በየሱፐርማርኬቱ በእስር ይሸጣል። ችግኙም ስለሚሸጥ በጓሯችሁ ወይም በማሰሮ ልትተክሉት ትችላላችሁ። ስትጠቀሙ ግን የተገዛውንም ቢሆን ቅጠል በቅጠል እያያችሁ እጠቡ።

ከጫካ መልቀም የግድ ከሆነባችሁ ለዓመታት ሲለቅም ከኖረ ሰው ጋር ሂዱ። እፍኝ እፍኝ እየጨበጣችሁ አትንቀሉ፤ አንድ ቅጠል አንድ ጊዜ፣ በዓይን እየለያችሁ፦

• ቤርላውኽ፦ እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ቀጭን አገዳ አለው፤ ለብቻው ከመሬት ይወጣል። የቅጠሉ ጀርባ አያብረቀርቅም።

• ማይግሎክሼን፦ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቅጠሎች በአንድ አገዳ ላይ ተቃቅፈው ይወጣሉ። የቅጠሉ ጀርባ ያብረቀርቃል።

• ሄርብስትሳይትሎዘ፦ ቅጠሎቹ አገዳ የላቸውም፤ ጠንከር ያሉ ናቸው፤ ከአንድ ቦታ ተሰባስበው ይወጣሉ። መሃላቸው ላይ የፍሬ ቋት ሊታይ ይችላል።

• ቅጠሎቹ በአንድ ቦታ ተደባልቀው ሊበቅሉ ይችላሉ። ከተጠራጠራችሁ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን የለቀማችሁትን ሁሉ ጣሉት።

እውነቱን ለመናገር ይህን ዝርዝር ስጽፍ አመንትቻለሁ። አንብባችሁ «አሁን አወቅሁ» ብላችሁ ጫካ እንዳትሄዱ ፈራሁ። ዝርዝሩን የጻፍኩት ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ እንድትረዱ ነው። ከስልክ አንብቦ ቅጠል ለቃሚ የሚሆን የለም። ፎቶ አንስተው ስም የሚነግሯችሁ አፖችም ይሳሳታሉ፤ ሕይወታችሁን አደራ አትስጧቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመን ውስጥ ለራስ የሚሆን ጥቂት እፍኝ መልቀም የሚፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ፤ በተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ውስጥ ግን ክልክል ነው። የአሜሪካው ራምፕስ ደግሞ ለመብሰል ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነው፤ ከነሥሩ ሲነቀል ያልቃል። በካናዳ የኩቤክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለንግድ መልቀም ክልክል ነው። ስለዚህ ቅጣትም እንዳይመጣባችሁ የአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ።

🚑 የማታውቁትን ቅጠል ከበላችሁ

• ሕመም እስኪጀምር አትጠብቁ። መልካም ስሜት መሰማቱ ዋስትና አይደለም፤ ኮልቺሲን ዘግይቶ ነው የሚነሳው።

• ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ልቡ ከተዛባ ወይም መተንፈስ ካቃተው በአውሮፓ 112፣ በአሜሪካ 911 ደውሉ።

• ምልክት ባይኖርም የመርዝ መረጃ ማዕከል ደውሉ። በአሜሪካ 1-800-222-1222 ነው፤ ነጻ ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ። በስዊዘርላንድ 145 ነው። በጀርመን በየክልሉ «ጊፍትኖትሩፍ» የሚባል ማዕከል አለ፤ የአካባቢያችሁን ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

• የቀረውን ቅጠል፣ የተሠራውን ምግብ፣ ካለም ትውከቱን በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ቅጠሉን ማየት ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

• ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ፦ «ከጫካ የተለቀመ ቅጠል በልተናል፤ በዚህ ሰዓት።» ይህን ካልነገራችሁት ተራ ተቅማጥ መስሎት ሊመልሳችሁ ይችላል። አትፈሩ፤ አትፈሩም አትደብቁም። የሚቀጣችሁ የለም።

• ከዚያው ምግብ የበላ ሁሉ አብሮ ይታይ፤ ደኅና ነኝ የሚለውም ጭምር።

💬 «እናንተ ዶክተሮች የባህል መድኃኒት ትጠላላችሁ»

ይህ ክስ በየጊዜው ይመጣብኛል። እስቲ አስቡት፦ ለልብ የምንሰጠው ዲጎክሲን የተገኘው ከተክል ነው። ኮልቺሲንም ከዚያው መርዘኛ ተክል የተገኘ ነው፤ ዛሬ የሪህ ሕመምተኞችን ያስታግሳል። ለወባ የምንሰጠው አርቴሚሲኒንም ከቅጠል የመጣ ነው። የእኛው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ለዓለም ያሳየው በሕዝቡ ልማድ ላይ ተነሥቶ ነው፤ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ቀርቦ በማስተዋል። ተክልን የናቀ ሰው ይህን አያገኝም።

እሱ ግን አይቶ አላበቃም። ፈተሸ፤ ለካ፤ መረመረ። ተክልን ማክበር ማለት ይህ ነው። ተክል ኃይል እንዳለው የምታምኑ ከሆነ ሊገድልም እንደሚችል እመኑ። «ፍቱን ነው፤ ግን ምንም አይጎዳም» የሚል ሰው ከሁለቱ አንዱን እየዋሸ ነው።

ኢትዮጵያ ያላችሁም «ይሄ የውጭ ወሬ ነው» አትበሉ። ኮልቺሲን ያለበት ተክል በእኛም አገር ይበቅላል፦ ግሎሪዮሳ ሱፐርባ የሚባል፣ እንደ እሳት ነበልባል ቀይና ቢጫ የሆነ አበባ ያለው ሐረግ ነው። ውበቱ ያስጎመጃል፤ ሥሩ ይገድላል። ደግሞም ቪዲዮውን ለእህታችሁና ለወንድማችሁ ወደ ውጭ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። ከመላካችሁ በፊት «ይህን የሚለው ማነው? ብንጎዳ የት እናገኘዋለን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያቺ እህት ከሁለት ቀን በኋላ ጻፈችልኝ። ባለቤቷ ሐኪሙን አነጋግሮ ኪኒኑን ቀጥሏል። ለካስ ያቆመው በቪዲዮው ብቻ አልነበረም፤ ኪኒኑ እግሩን እያሳበጠው ለማንም ሳይናገር ታግሶ ነበር። ሐኪሙ በሌላ ቀየረለት። ከገበያ አንድ እስር ቤርላውኽ ገዝታ ሽሮዋ ላይ ጣል አድርጋ እንደ በሉም ነገረችኝ።

እናንተም ኪኒናችሁ ካስቸገራችሁ ጫካ አትሂዱ፤ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ። «ይህ መድኃኒት አልተስማማኝም» ማለት ነውር አይደለም። ሌላ አማራጭ አለ። ዝም ብሎ ማቆም ግን አማራጭ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁ፣ በተለይ ኪኒን ለሚወስዱ አባቶችና እናቶች፣ ሼር አድርጉላቸው። ቪዲዮው ከደረሰበት ቦታ ይህም ይድረስ። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ የቅጠል ፎቶ ግን አትላኩልኝ፤ ከፎቶ ለይቼ «ብሉ» አልላችሁም።

ጤናችሁን ጠብቁ። ቸር እንሰንብት።